የድሮ መኪና ሲታደስ የመጀመሪያውን የቀለም ምልክት እንዴት እናትርፍ?

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ ነበረው። ከከዚራ ቀፊራ፣ ከቀፊራ ሳቢያን ሲመላለስበት ነው ያደግኩት። የኋላው ኮፈን ላይ በነጭ የዘይት ቀለም «ቀስ በቀስ» ተብሎ በእጅ ተጽፎ ነበር። መኪናዋ ለዓመታት ቆማ ኖራ እኔ ለማደስ ስነሣ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት አስጎትቼ ላቫጆ መውሰድ ነው። አቧራዋ ይራገፍ ብዬ። የግፊቱ ውሃ በተሰነጠቀው ቀለም ሥር ገባና ጽሑፉን ከነልጣጩ ይዞት ሄደ። «ቀስ» የምትለዋ ብቻ ቀረች። ፎቶ እንኳ አላነሣሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ሁሉ ቀየርኩ። መኪና ስናድስ ላሜራው ይቀየራል፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ይቀባል። የዚያ ጸሐፊ እጅ ግን አንዴ ነው ያለፈበት። እዚህ የምጽፈው እንዲህ ያለውን ምልክት ሳይጠፋ በዙሪያው እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ምልክት ስንል

በድሮ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንዱ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ዳዶ ከተጠበቀ በኋላ ተቆጣጣሪው ጣል ያደረገው የቢጫ ወይም የነጭ ነጠብጣብ፣ የሞላዎችን ዓይነት የሚለይ ባለ ቀለም ሰረዝ፣ በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ባለው ላሜራ ላይ በሰም እርሳስ የተጫረ ቁጥር፣ በማኅተም የተመታ የዕቃ ቁጥር። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ቅባትና ጭቃ ባለበት ነው። ቅባቱ ከዝገትም ከፀሐይም ጋርዷቸዋል። ስለዚህ መኪናው በቆሸሸ ቁጥር ከሥሩ የተረፈ ነገር የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው።

ሁለተኛው እዚሁ አገር የተጨመረው ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ «ታክሲ»፣ የጎን ቁጥር፣ የባለቤቱ ጥቅስ፣ መካኒኩ ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎች እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ወደ ቦታው ለመመለስ ያሰመረው መስመር። ሐረር ፈረስ መጋላ ቆመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ የኖሩት 404ዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ። ብዙ ሰው የፋብሪካውን ብቻ «ኦሪጅናል» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ፔጆ 404 በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ መልኩን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ አንድ ዓይነት መኪና በዓለም ሞልቷል። በግዕዝ ፊደል ጥቅስ የተጻፈበት ግን የኛ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሌላ ጉዳይ ነው። ቦሎ ሲታደስም ሆነ ስም ሲዛወር የሚታየው እሱ ነው። በግራይንደርም በስቱኮም አትንኩት። በወፍራም ቀለምም አትድፈኑት። ማጽዳት ካለባችሁ በጨርቅና በላምባ ብቻ።

ውሃ ከመንካቱ በፊት

ይህን ክፍል ያስተማሩኝ በምድር ባቡር ጋራዥ ፉርጎ ላይ ቁጥር ሲጽፉ የኖሩ አንድ አባት ናቸው። ባልዲ ይዤ ስገባ አዩኝና «አቦ፣ ውሃውን እዛ ጋ አስቀምጥና መጀመሪያ ዓይንህን አምጣ» አሉኝ። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርተው ከበሩ ጋር ጎን ለጎን፣ ላሜራውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ያዙት። ፊት ለፊት ሲታይ ምንም ያልነበረበት ሰማያዊ በር ላይ የፊደል ጠርዝ ብቅ አለ። ከላይ በኋላ የተቀባው ቀለም ሥር የቆየ ጽሑፍ ነበር። በብሩሽ የተጻፈ የዘይት ቀለም ውፍረት ስላለው፣ ላዩ ሲቀባም ጠርዙ ጥላ ይሠራል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማታ ወይም በተዘጋ ክፍል፣ የስልክ መብራትም ይበቃል። እያንዳንዱን ላሜራ ከአራት አቅጣጫ አብሩበት። ያያችሁትን ሁሉ በደረቁ ፎቶ አንሡ።

ለዋናው ፎቶ ሲሆን ፍላሽ አጥፉ። የድሬን የቀትር ፀሐይ አትጠቀሙ፤ ቀለሙን አጥቦ ያሳየዋል። ጠዋት በጥላ ውስጥ ጥሩ ነው። ስልኩን ከምልክቱ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከተንጋደደ ፊደሉ ተጣሞ ይወጣል። ከጎኑ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ማስመሪያው መጠኑን፣ ነጩ ወረቀት የቀለሙን እውነተኛ መልክ ለማወቅ ይጠቅማል። አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ በጎን መብራት።

ፎቶ ብቻውን ግን አይበቃም። የደብተር መሸፈኛ ግልጽ ላስቲክ ግዙና ምልክቱ ላይ ዘርጉት። ጫፎቹን ጤነኛ ቀለም ባለበት በፕላስተር ያዙ። በቀጭን የማይጠፋ ማርከር የፊደሉን ዳር ዳር ተከተሉ። ቀለሙ የተንጠባጠበበትን፣ ብሩሹ የደረቀበትን፣ የተላጠውን ቦታ ሳይቀር አስፍሩ። እንዳታሳምሩት። የተጣመመው ተጣምሞ ይሰመር። ከዚያ ቦታውን ለማግኘት የሚረዱ ቋሚ ነጥቦችን ጨምሩ፤ የበሩን እጀታ ቀዳዳ፣ የበሩን የታች ጠርዝ፣ አንድ ቡሎን። ከሁለት ቋሚ ነጥብ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፉ። ላስቲኩን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት እንጂ አትጠፉት፤ የታጠፈበት መስመር አይለቅም።

ለትናንሽ ዕቃዎች ደግሞ ደብተር ያዙ። እያንዳንዱን ዕቃ ስትፈቱ ቁጥር አንጠልጥሉበት፤ በደብተሩ ላይ የትኛው ዳዶ ምን ቀለም፣ በየት በኩል እንደነበረው ጻፉ። አሰልቺ ነው። ግን ከሦስት ወር በኋላ የግራና የቀኝ ሞላ ተደባልቆ ስታገኙት ታመሰግኑታላችሁ። የሞላው ሰረዝ ጌጥ አይደለም፤ ጥንዱን የሚለየው እሱ ነው።

በጥጥ ማጠብ

አሁን ማጽዳት ይቻላል። የግፊት ውሃ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ቲነር፣ እነዚህ ሦስቱ ከምልክት አጠገብ አይድረሱ። የምትፈልጉት ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ላርጎ እና ላምባ ነው።

መጀመሪያ ፈትኑ። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልሉ። በውሃ አርሱና ጨምቁት። የምልክቱ ጠርዝ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ በምታህል ቦታ፣ ሳትፈትጉ እስከ አሥር እየቆጠራችሁ አንከባሉት። ጥጡን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ቀጥሉ። የምልክቱን ቀለም ካመጣ ግን ውሃ ያሟሟዋል ማለት ነው። አቁሙ። ውሃው ካልጎዳው በላርጎ ጠብታ ሞክሩ። ቅባቱ እምቢ ካለ ላምባ፣ ያንኑ ፈተና ደግማችሁ።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለባችሁ የሰም እርሳስ ነው። ሰም በላምባም በቤንዚንም ይሟሟል። ስለዚህ በክሬዮን መሰል ነገር የተጫረ ቁጥር ካያችሁ ላምባውን ተዉት። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ ብቻ፣ በዙሪያው እንጂ በላዩ አይደለም። የማኅተም ቀለም ደግሞ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ ላምባውን ችሎ በውሃ የሚሄድ አለ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ምልክት ፈተናው የሚደገመው።

ከዚያ ሥራው ጥጥ እየቀየሩ መቀጠል ነው። የቆሸሸ ጥጥ ደግሞ ማንከባለል ቀለሙን በአሸዋ እንደመፈተግ ነው። የድሬ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አንድ የሰሃን ስፋት ያለው ቦታ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ውሰዱለት።

ፔጆ 404 ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ባዘነበለበት በኩል እጅ ስለማይገባ ማንም ሳያጸዳው የኖረ ቅባት ይገኛል። መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው የማዞሪያ ዘንግ ደግሞ ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ነው፤ ሌሎች መኪናዎች ላይ ዘንጉ ላይ የሚታየውን የቀለም ቀለበት እዚህ ከውጭ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ማትረፍ ወይስ መገልበጥ

ከጸዳ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። ምልክቱ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ካለ ይትረፍ። ደብዝዞ፣ ተጭሮ፣ ግማሹ ጠፍቶ ቢሆንም ይትረፍ። ከሥሩ ያለው ዝገት ቀለሙን እየገፋ እያነሣው ከሆነ ብቻ ነው ሌላ መንገድ የሚታሰበው።

በጥቂቱ የተነሣ ልጣጭ መልሶ ይጣበቃል። የሙዚየም ባለሙያዎች ለዚህ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) አሟምተው ይጠቀማሉ። ጥሩነቱ ወደፊት በአሴቶን መልሶ መነሣት መቻሉ ነው። ግን አሴቶን የናይትሮ ቀለምን፣ ማለትም ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ የሚደርቀውን የመኪና ቀለም፣ ያሟሟል። ስለዚህ ሙጫው የሚደረገው በቀጭን ብሩሽ ጫፍ፣ ከልጣጩ ሥር፣ በጠብታ ነው። መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ የወደቀ ልጣጭ ላይ ሞክሩት። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ደርቆ ይሰባበራል፤ መልሶ ማንሣትም ከባድ ነው።

ዝገት የሚያጠቁር ፈሳሽም ከምልክት አጠገብ አይሂድ። የፈሰሰበትን ሁሉ ያጠቁራል።

ላሜራው ከታች በስብሶ ብየዳ ካስፈለገ ሙቀቱ ጠላት ነው። ከብየዳው ራቅ ብሎ ያለውን ቀለም ሳይቀር ያቃጥላል። በምልክቱና በብየዳው መካከል እርጥብ ጭቃ እንደ ግድብ ለጥፉ፤ ሙቀቱን ይጠጣል። ነጥብ ነጥብ አድርጎ መበየድና በየመሐሉ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። በያጁን አስቀድማችሁ አስረዱት። ጥሩ በያጅ ጭቃውን ሲያይ ገብቶት ራሱ ይጨምራል።

ከሥር የተቀበረ ጽሑፍ ሲኖር

በጎን መብራት ያያችሁት የተሸፈነ ፊደል ካለ፣ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም ሥራ የምወደው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ላይ ትንሽ የመመልከቻ መስኮት ክፈቱ። ከጽሑፉ ራቅ ያለ ቦታ ላይ፣ ሳንቲም በምታህል ስፋት፣ 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርሳችሁ በክብ እያሻሻችሁ ውረዱ። ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ቀለበት አንዱ ከአንዱ ሥር ይታያሉ። እኔ ያገኘሁት ከላይ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ ሌላ ሰማያዊ፣ ከሥር ክሬም ነበር። ጽሑፉ የተጻፈው በየትኛው ቀለበት ላይ እንደሆነ ስታውቁ፣ የት መቆም እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ከፊደሉ አንድ ጫፍ ጀምሩ። ወረቀቱን ትንሽ ጎማ ላይ ጠቅልሉ፤ በጣት ከያዛችሁት የጣታችሁ ቅርጽ ይቦረቡራል። ጥቂት ማሸት፣ መጥረግ፣ ማየት። የፊደሉ ቀለም ብቅ ማለት ሲጀምር ወደ 1500 ቁጥር ውጡ። ፊደሉ ከዙሪያው ከፍ ስለሚል መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ሙሉ ለሙሉ ንጹሕ ሳይሆን፣ በላዩ ስስ ሰማያዊ ጥላ እያለ አቁሙ።

ይህን በደረቁ በጭራሽ አትሥሩ። የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቢጫና ቀዩ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ለሳንባም ለልጆችም አደገኛ ነው። በውሃ ሥሩ፣ ጭምብል አድርጉ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስባችሁ ጣሉት። ግቢ ውስጥ ሕፃናት ካሉ ሌላ ቦታ ሂዱ።

በዙሪያው መቀባት

የተረፈው ምልክት እንደ ደሴት ነው። ከዳሩ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር የድሮ ቀለም ይቅርለት። ከዚያ ወዲያ ያለውን 400 ከዚያም 600 ቁጥር በሆነ የውሃ ወረቀት እያሳሳችሁ ሂዱ፤ በድሮውና በአዲሱ መካከል በጣት የሚታወቅ ደረጃ እንዳይኖር።

ማስኪንግ ቴፕ የምንለውን የወረቀት ፕላስተር በቀጥታ ምልክቱ ላይ አትለጥፉ። ሲነሣ ይዞት ይመጣል። ወፍራም ወረቀት በምልክቱ ቅርጽ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ፕላስተሩ ወረቀቱን ይያዝ፤ የሚያርፈውም ጤነኛው ቀለም ላይ ብቻ ይሁን። ከመለጠፋችሁ በፊት ልብሳችሁ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥፋችሁ አንሡት፤ ኃይሉ ይቀንሳል። ጠርዙን ደግሞ ወደ ውስጥ ጠቅለል አድርጉት። ያኔ አዲሱ ቀለም በስለት እንደተቆረጠ ሳይሆን እየሳሳ ያልቃል።

ድሬዳዋ ውስጥ ስፕሬይ የሚደረገው በማለዳ ነው። ቀን ላይ ቲነሩ ላሜራው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል፤ ቀለሙ ዱቄት ዱቄት ይላል። ነፋሱም አቧራ ያመጣል። ወለሉን ውሃ ርጩ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ጠይቁ። ሐረር ሌላ ነው። ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ በክረምት እርጥበቱ የናይትሮ ቀለምን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ዝናብ ባቆመ ቀን እንኳ አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ሽፋኑን የምታነሡት ቀለሙ ሳይጠነክር ነው፤ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በቀስታ። በድሬ ሙቀት ጊዜው አጭር ስለሆነ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ።

ለሞላ፣ ለዳዶና ለትናንሽ ዕቃ ስፕሬይ አያስፈልግም። በቀጭን ብሩሽ ነጥቡን እየዞራችሁ ቀቡ።

መገልበጥ ግድ ሲሆን

ላሜራው የማይተርፍ ከሆነ ላስቲኩን አውጡ። ጽሑፉን ወደ ወረቀት ገልብጡ፣ መስመሩን በመርፌ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ብሱ። ከሰል ፈጭታችሁ በስስ ጨርቅ ቋጥሩ። ወረቀቱን አዲሱ በር ላይ አጣብቃችሁ በቋጠሮው መታ መታ አድርጉ። ነጠብጣቡ መንገድ ይሆናችኋል። ከዚያ በዘይት ቀለምና በረጅም ጠጉር ብሩሽ ይጻፋል። የሚችል እጅ ካለ ለእሱ ስጡት፤ የ«ቀ» ወገብና የ«በ» እግር የት እንደሚወፍር የሚያውቅ ሰው።

ቀለሙን የምታመሳስሉት ፀሐይ ከበላው ጋር አይደለም። ከእጀታው ሥር ወይም ከበሩ ማሸጊያ ጎማ ጥግ የተደበቀ ቦታ ፈልጉ። ናሙናውን ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ በጥላም በፀሐይም አስተያዩት።

የዳዶ ነጥብ ስትመልሱ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ዳዶው በትክክለኛው ልክ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው ቀለሙ። ከዳዶውና ከሥሩ ካለው ብረት እኩል የሚያርፍ ሰረዝ፣ ዳዶው ከላላ ይለያያል፤ ሥራው ያ ነው። ሳይጠበቅ መቀባት የሚቀጥለውን መካኒክ መዋሸት ነው። ስትቀቡም በአንድ እጅ ጣል አድርጉት። ፋብሪካ ውስጥ ማንም ቆሞ አላስተካከለውም።

የማታውቁትን ግን አትሙሉ። የአባቴ ኮፈን ላይ የጠፋውን «በቀስ» ብዙ ሰው ልጻፍልህ ብሎኛል። ላስቲክም ፎቶም ስለሌለኝ፣ የሚጻፈው የሌላ ሰው እጅ ነው የሚሆነው። «ቀስ» ብቻውን እንዳለ ተውኩት።

በኋላ

ሰም የሚቀባው ሁሉም ቀለም ከደረቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተነካ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ትናንሽ ጉድጓድ ይሠራል። የንብ ሰም እኛ ጋ አይሆንም፤ ከ62 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፣ ከዚያ በታችም ይለሰልሳል፣ በድሬ ፀሐይ የቆመ ኮፈን ላይ አቧራ ይሰበስባል። ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም) ያለበት፣ መፋቂያ ዱቄት የሌለው የመኪና ዋክስ ግዙ፤ ካርናውባው ሳይቀልጥ 80 ዲግሪን ያልፋል። በለስላሳ ጨርቅ፣ ስስ አድርጋችሁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። የሰም እርሳስ ጽሑፍን ግን ዋክሱም ያሟሟዋል፤ እሱን በባዶው ተዉት። ግልጽ ቫርኒሽ በምልክቱ ላይ አትርጩ፤ ቲነሩ ከሥር ያለውን ያነሣዋል።

ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ንገሩት። እኔ በሩን ከፍቼ፣ ምልክቱን በጣቴ አሳይቼ፣ እዚህ ጋ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እላለሁ። ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ላሜራ ማብረቅ የለመደ ብዙ ነው።